ስለ ሥጋ አንድነትና ስለ ሐኪም ግዴታ

ለታመመ ሰው መድኃኒት መስጠት መልካም ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መድኃኒቱን የሰጠ ሰው ግዴታው የሚያልቀው በምን ጊዜ ነው? ጽዋውን ሲያቀብል ነውን? መርፌውን ሲነቅል ነውን? ወይስ መድኃኒቱ በታማሚው ሥጋ ውስጥ የሚያደርገውን አይቶ፥ ሥጋውም የሚመልሰውን መልስ ሰምቶ ሲጨርስ ነው? ይህ ጥያቄ የሐኪሞች ብቻ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የልጅ አባት፥ የበሽተኛ አስታማሚ፥ የንስሐ አባት፥ የሠራተኛ አሳዳሪ የሆነ ሁሉ በየዕለቱ ይገናኘዋል። መልሱንም ለማግኘት አስቀድሞ የሰው ሥጋ ምን ዐይነት ነገር እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የቀደሙ መምህራን የሰው ሥጋ ከአራት ባሕርያት፥ ይኸውም ከመሬት፥ ከውሃ፥ ከእሳትና ከነፋስ እንደ ተፈጠረ ያስተምራሉ። በዚህ ትምህርት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው የባሕርያቱ ቍጥር ሳይሆን ጠባያቸው ነው። እሳት ውሃን ያደርቃል፥ ውሃም እሳትን ያጠፋል፤ ነፋስ መሬትን ይበትናል፥ መሬትም ነፋስን ይገታል። እንዲህ የሚጣሉ ነገሮች በአንድ ሥጋ ተስማምተው ሲኖሩ ጤና ይባላል፤ አንዱ በሌላው ላይ የሠለጠነ እንደ ሆነ ደዌ ይባላል። የዛሬ ሐኪሞች ሥጋን በአራት ባሕርይ አይከፍሉትም፤ የኬሚስትሪ ትምህርት እጅግ ብዙ ንጥረ ነገር አሳይቷቸዋልና። የስምምነቱን ነገር ግን እነርሱም በሌላ መንገድ ሄደው አገኙት። ዋልተር ካነን የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ በ1926 ዓ.ም. ለዚህ ስምምነት ሆሚዮስታሲስ የሚል ስም አወጡለት፤ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ሥጋ ጥበብ የሚናገር መጽሐፍ አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ከእርሳቸውም በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች ነገሩን አስፍተው፥ ብዙ ክፍሎች እርስ በርሳቸው እየተመላለሱ የሚሠሩበትን ማናቸውንም ነገር፥ ሥጋም ቢሆን፥ የንብ ቀፎም ቢሆን፥ ገበያም ቢሆን፥ ውስብስብ ሥርዐት ብለው በአንድ ስም እየጠሩ ጠባዩን ያጠኑ ጀመር። ጠባዩ ከሰዓት ጋር ሲተያይ ይገለጣል። የሰዓት ጥርስ ቢሰበር ሠሪው አውጥቶ ሌላ ይተካል፤ የቀሩት ጥርሶች ግን ስለ አዲሱ ብለው አካሄዳቸውን አይለውጡም። ሥጋ እንዲህ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ይህን ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል፤ ቤት የጎደለበትን ቅኔ ለማቃናት አንድ ግሥ ሲለውጥ፥ በግሡ የተገዛው ስም አገባቡ ይለወጣል፥ ከዚያም ሰሙ ከወርቁ ይለያያል፤ አንዱን አቀናሁ ሲል ሦስቱን ያጣምማል። መምህሩም የለወጥኸው ቃል ሌሎቹን ምን አደረጋቸው ብሎ ይጠይቀዋል እንጂ፥ ቃሉ ለብቻው ያማረ ነውን ብሎ አይጠይቀውም።

ይህን በሥጋ ላይ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በቦሌ፥ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር የሚኖር ሰው አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያቸው ሲወርዱ ዘወትር ያያል። ከእነርሱ በአንዱ ተሳፍሮ ከጅቡቲ ወይም ከሌላ የባሕር ዳርቻ የመጣ መንገደኛ የሚረግጠው ምድር ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ሲስበው የነበረውን ሦስት አራተኛ ያህላል። ስለዚህ ሻንጣውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፥ ትንፋሹም ይጠልቃል። ነገር ግን ትንፋሽ ሲጠልቅ የደም ኮምጣጣነት ይቀንሳልና፥ ይህ መቀነስ በተራው ትንፋሹን ሊገታው ይነሣል። በዚህ ጊዜ ኵላሊት በቀናት ውስጥ ደሙን ወደ ልኩ እየመለሰ ለትንፋሽ መንገድ ይለቃል፤ ዳግመኛም ወደ ዐጥንት መቅን መልእክት ልኮ ቀይ የደም ሕዋሳት በሳምንታት ውስጥ እንዲበዙ ያደርጋል። የሳንባውን ሥራ ኵላሊት ይሰማል፥ የኵላሊቱንም መልእክት መቅን ይሰማል፤ ሁሉን የሚያዝ አንድ አለቃ በመካከላቸው ሳይሾም ስምምነቱ ከመደማመጥ ይገኛል።

እንግዲህ ቀይ ደም መብዛቱ ለመንገደኛው የሚጠቅም ከሆነ፥ በተራራ ላይ ለሚኖር ሁሉ ይብዛለት ሊባል ይቻላልን? አይቻልም። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው በሄሞግሎቢን የበለጸገ ነው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ደማቸው ከመጠን በላይ ወፍሮ ይታመማሉ። የቲቤት ሰዎች ግን ሄሞግሎቢናቸው እንደ አንዲስ ሰዎች ሳይበዛ፥ በደማቸው ያለው ኦክስጅንም አንሶ ይኖራሉ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ የአሜሪካ ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት ደግሞ በሰሜን ተራሮች በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ሦስተኛ መንገድ አሳየ። የእነዚህ ደገኞች ሄሞግሎቢን በባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው ነበር፤ ከሄሞግሎቢናቸውም ኦክስጅን የተሸከመው በአማካይ 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። አንዱን ችግር ሦስት ሕዝብ በሦስት መንገድ ተወጣው። ስለዚህ አንድ ቍጥር ለብቻው ነጥሎ ይህ ጤና ነው፥ ያ ሕመም ነው ማለት፥ ከቅኔ አንድ ቃል ነቅሎ ትርጓሜውን እንደ መጠየቅ ነው።

ቍጥርን ማቃናት ሁልጊዜ ሰውን ማዳን እንዳይደለ በብርቱ ያስተማረ አንድ ታሪክ አለ። የልብ ድካም ደርሶባቸው ከተረፉት ሰዎች መካከል የልባቸው ምት አለቦታው የሚጨምር፥ ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ እንደሚሞቱ ሐኪሞች አስተዋሉ። ስለዚህ ያለ ቦታው የሚመጣውን ምት የሚያጠፋ መድኃኒት ይሰጡ ነበር፤ አሳቡም ለሰሚው የቀና ነበር። በኋላ ግን መድኃኒቶቹ በአሜሪካ በሥርዐት ተፈተኑ፤ በ1991 ዓ.ም. የታተመው የፈተና ውጤት እንደሚያሳየው ከመድኃኒቶቹ ሁለቱን ከተቀበሉት 755 ሰዎች 63 ሲሞቱ፥ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተቀበሉት 743 ሰዎች የሞቱት 26 ነበሩ። መድኃኒቶቹ የታዘዙትን አድርገዋል፤ ትርፉን ምት ጸጥ አሰኝተውታል። ምቱ ተስተካከለ፥ ሰውየው ግን ሞተ። እያንዳንዱ ሐኪም የተስተካከለውን ምት አይቶ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበርና፥ ስሕተቱ የታወቀው ብዙ በሽተኞችን እስከ መጨረሻው በተከተለ ቈጠራ ብቻ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ለዚህ ነገር ታላቅ ምስክር የሚሆነን ግርሻ የተባለው ትኩሳት ነው። ስሙ ጠባዩን ይናገራል፤ ዳነ በተባለው ሰው ላይ ገርሽቶ ይመለሳልና። መንሥኤው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚባል፥ እንደ ተጠማዘዘ ክር ያለ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ሥጋ ሠራዊቱን አሰልፎ ያሸንፈዋል፥ ትኩሳቱም በድንገት ይለቃል፤ ነገር ግን ከተሕዋሱ ጥቂት የተረፉት የውጭ መልካቸውን ለውጠው፥ ለሥጋም እንግዳ ሆነው፥ ከሳምንት ያህል በኋላ እንደ ገና ይነሣሉ። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል መሆኑን ማኪ የተባለ ሐኪም በ1907 ዓ.ም. በህንድ አገር አሳይቷል። በደበሎ ያደገ የአብነት ተማሪ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ ከማንም ሳይማር ያውቃል። ይሁን እንጂ ተሕዋሱ በቅማሉ ሰውነት ውስጥ የሚኖር ስለ ሆነ፥ በዋናነት የሚወጣው ቅማሉ ሲጨፈለቅ ነው፤ ወጥቶም በተቧጨረ ቆዳ ይገባል። ጠላቴን ገደልሁ ባለበት ጥፍር ሰው ደዌውን ወደ ደሙ ያስገባል። ደግሞም ቅማል የትኩሳትን ሙቀት አይወድምና፥ ከበሽተኛው ልብስ ወጥቶ በአጠገቡ ወደ ተኛው ይሻገራል። ለአንዱ ሥጋ መከላከያ የሆነው ትኩሳት ለጎረቤቱ መከራ ይሆናል።

ይህን ደዌ የሚያጠፋ መድኃኒት አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ተሕዋሱን በሰዓታት ውስጥ ከደም ያጸዳዋል። የጥያቄያችን ፍሬ ነገር የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከተሰጠ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ በሽተኛው በብርድ ይንቀጠቀጣል፥ ትኩሳቱ ይብስበታል፥ ትንፋሹና የልቡ ምት ይፈጥናል፤ ከዚያም በላብ ይጠመቃል፥ የደሙም ግፊት ይወድቃል፤ አንዳንዱም በዚህ ይሞታል። ሐኪሞች ነገሩን በጻፉት በሁለት ሰዎች ስም የያሪሽና የሄርክስሃይመር ምላሽ ይሉታል። በሽተኛውን የሚያናውጠው የመድኃኒቱ መርዝነት አይደለም፤ ተሕዋሱም እየሞተ ነው። የሚያናውጠው የገዛ ሥጋው መልስ ነው። ተሕዋሱ ሲፈርስ የሚወጣውን ነገር ሥጋ ባየ ጊዜ፥ ቲ.ኤን.ኤፍ. የተባለውንና መሰሎቹን፥ እንደ ጦር ነጋሪት የሆኑ ንጥረ ነገሮች፥ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይጎስማቸዋል።

ይህን የመረመሩት ሐኪሞች ሥራቸውን የሠሩት በዚሁ በአዲስ አበባ ነው። ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቻቸው በ1996 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት 49 የግርሻ በሽተኞችን ተመለከቱ። ለ20ዎቹ ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲ.ኤን.ኤፍ.ን የሚያግድ መድኃኒት ሰጧቸው፤ ለ29ኙ ግን ይህ አልተሰጣቸውም። ምላሹ የተነሣባቸው ከ20ዎቹ 10፥ ከ29ኙ ደግሞ 26 ሆኑ። ነጋሪቱ ሲታፈን ሁከቱ ቀነሰ፤ ነገር ግን ፈጽሞ አልጠፋም፥ ከታገዱትም እኩሌቶቹ ተናውጠዋል። ጦሩን የሚጠራው ነጋሪት አንድ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እንግዲህ መድኃኒቱን ወግቶ ወደ ቤትህ ሂድ ያለ ሐኪም፥ መድኃኒቱ ትክክለኛ ቢሆንም፥ ሥራውን ፈጽሟል ሊባል አይቻልም። በሽተኛው ከአልጋው በድንገት እንዳይነሣ የሚጠብቅ፥ የደሙን ግፊት የሚለካ፥ በደም ሥሩ ፈሳሽ የሚሰጥ ሰው በእነዚያ ሰዓታት ያስፈልገዋል። ያ ጠባቂ የሌለ እንደ ሆነ፥ የዳነው ሰው ከመድኃኒቱ በኋላ ይሞታል።

ሁለተኛው የአገራችን ምስክር ረኃብ ነው። በ1984 ዓ.ም. በኮረም መጠለያ የተሰበሰበውን ሕዝብ ያየ ሰው፥ ልቡ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምግብ፥ ብዙ ምግብ፥ አሁኑኑ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የተራበ ሥጋ ቀድሞ የነበረው ሥጋ አይደለም። ልቡ ቀጥኗል፥ የሕዋሳቱ ሥራ ዘግይቷል፥ የውስጥ ጨዎቹ አልቀዋል። ምግብ በድንገት የበዛለት እንደ ሆነ ኢንሱሊን ይነሣል፤ በደም ውስጥ የቀረውን ጥቂት ፎስፌትና ፖታሲየም ወደ ሕዋሳት ይነዳዋል፤ ደሙም ከእነዚህ ሲራቈት ልብ ይደክማል፤ ሰው በረኃብ ሳይሞት በመጥገብ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ እጅግ ለከሳ ሕፃን መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ 75 የሚባለው ቀላል ወተት ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው ኃይል 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ነው። ኤፍ 100 የሚባለው ብርቱው የሚከተለው ሕፃኑ ሲረጋጋና የመብላት ፍላጎቱ ሲመለስ ነው። ደሙ ያነሰ ቢሆን እንኳ ብረት በመጀመሪያው ቀን አይሰጠውም፤ በሥጋው የተደበቀው ተሕዋስ ከሕፃኑ ቀድሞ ሊበላው ይችላልና። በረጅም ጾም ማግስት ሆድን በተልባ የምታለሰልስ እናት፥ ነገሩ ከዚህ ጋር አንድ ባይሆንም፥ ትናንት የሆነው ዛሬ የሚበላውን እንደሚለውጠው ታውቃለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ምሳሌ በዚህ ቦታ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ የፈሰሰው የማይለቀም ነው።

ይህን የሰማ ሰው፥ የሥጋ ነገር እንዲህ ከተወሳሰበ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይሻልምን ይል ይሆናል። አይሻልም። ግርሻ መድኃኒት ካልተሰጠው ከሚታመሙት ከ100ው ከ10 እስከ 40 የሚደርሱትን ይገድላል፤ መድኃኒት ሲሰጥ ግን የሚሞቱት ከ100ው ከ2 እስከ 5 ይሆናሉ። ምላሹን ፈርቶ መርፌውን የከለከለ ሰው፥ ጥቂቶችን ለማዳን ብሎ ብዙዎችን አሳልፎ ይሰጣል። የተራበውንም ስለ ጥንቃቄ ብሎ የሚከለክለው ካለ ነፍሰ ገዳይ ነው።

ሌላም ተቃዋሚ አለ። እርሱ ደግሞ፥ እነዚህ ሐኪሞች ሥጋን ቈራርጠው ያያሉ፥ እኔ ግን ሰውን በሙሉ አያለሁ እያለ፥ በዚህ ቃል ያልተፈተነ ቅጠልና ያልተመዘነ ጠብታ ይሸጣል። ለዚህ ሰው የምንመልስለት፥ የሥጋን አንድነት ያወቅነው ክፍሉን በመናቅ አይደለም የሚል ነው። የኵላሊትን መልእክት ያገኘው ኵላሊትን የመረመረ ነው፤ የልብ መድኃኒቶቹን ጥፋት የገለጠውም የሞቱትን አንድ በአንድ የቈጠረ ነው። ሙሉውን አያለሁ የሚል ሰው ሙሉው የመለሰለትን መልስ ካልቈጠረ፥ ያየው የራሱን አሳብ ነው።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ገና ይቀራል፤ የበሽተኛው ሥጋ ወሰኑ የት ነው? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና፥ ሥሩን እንከተል። ከገጠር መጥቶ ሩዋንዳ አጠገብ ፎቅ በሚሠራበት ቦታ የቀን ሥራ ያገኘ አንድ ወጣት አለ እንበል። ክረምት ነው፤ ብርድ ስለ በረታበት ያለውን ልብስ ሁሉ ደርቦ ይለብሳል፥ ቅያሪ የለውምና አያጥበውም፤ የቤት ኪራይ ስለ ከበደው ከሌሎች ጋር ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይተኛል። ቅማሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ይህ ወጣት በግርሻ ታሞ፥ ተወግቶና ተጠብቆ ከዳነ በኋላ፥ ወደዚያው ልብስና ወደዚያው ማደሪያ የተመለሰ እንደ ሆነ ምን ተደረገለት? ደዌው በደሙ ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ በልብሱ ስፌት፥ በማደሪያው ጥበት፥ በደመወዙም ማነስ ውስጥ ነበር። የልብስ ቅማል በፈላ ውሃ በሚታጠብ ልብስ ይሞታል፤ ሳይለበስ አንድ ሳምንት በተቀመጠ ልብስም ደም አጥቶ ያልቃል። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የሚያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ልብስና አንድ በርሜል የፈላ ውሃ ነው፤ ይህን ግን ሐኪም ከመድኃኒት ቤቱ አያዝዘውም።

ስለዚህ በመጀመሪያ የጠየቅነውን ጥያቄ እንዲህ ብለን እንመልሰዋለን። መድኃኒት የሰጠ ሰው ግዴታው የሚያልቀው ሥጋው የመለሰውን ሲሰማ ነው፤ ሥጋው ደግሞ የሚመልሰው ከቆዳው ውጭ ካለው ሁሉ ጋር ሆኖ ነው። ይህን ግዴታ ግን አንድ ሐኪም ለብቻው ሊሸከመው አይችልም። በአንድ ሌሊት ብዙ በሽተኛ የተሰለፈባት አስታማሚ በአንዱ አልጋ አጠገብ ሁለት ሰዓት ልትቈይ ብትወድስ ማን ያቈያታል? የመርፌውን ዋጋ ከፍለን የመጠበቂያውን አልጋ ዋጋ ካልከፈልን፥ ጥፋቱ የእርስዋ ሳይሆን የእኛ ነው። ፎቁን የሚያሠራው ባለሀብት ለሠራተኞቹ የመታጠቢያ ውሃ ቢያፈላ፥ በደጀ ሰላሙ የተጠለሉትን ደሆች የሚያውቅ ካህን በክረምት ልብስ ቢያለዋውጥላቸው፥ ትኩሳት የያዘውንም ቶሎ ወደ ሐኪም ቢልከው፥ እነዚህ ሰዎች የሕክምናው ክፍል ናቸው፤ ሐኪሙ የጀመረውን እነርሱ ይፈጽሙታል። ምጽዋት ሰጥተን ፊታችንን ስናዞርም ያው ጥያቄ ይከተለናል፤ የሰጠነው ነገር በተቀበለው ሰው ዘንድ ምን ሆነ? ይህን ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚያሳዝን ነገር ይሰማል፤ ቢሆንም ያን ካልሰማ ነገ የሚሰጠውን ሊያውቅ አይችልም።